ሽቅብ የሚሄደው ንፍጥ

በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር አንዲት ሴት ላይኛው መንጋጋዋን ሲያማት ከርሞ በመጨረሻ ጥርሷን አስነቀለች። ሕመሙ ቀለል አላት፤ ግን ጥርሱ ከወጣበት ጉድጓድ መግል ይወርድ ጀመር። ዛሬ ይቆማል፣ ነገ ይቆማል ብትል አልቆመም። ከየት እንደሚመጣ ልወቅ ብላ የብር መርፌ ሰደደችበት፤ መርፌው ምንም ሳያግደው ገባ። ገርሟት የላባ ዘንግ አነሳች፤ ጸጉሩን ከግራና ከቀኝ ነጭታ አስገባችው። እሱም ከሞላ ጎደል እስከ ጫፉ ገባ። ይሄኔ ደነገጠች፤ ላባው አንጎሏ ውስጥ የደረሰ መሰላት።

ሐኪሟ ናትናኤል ሃይሞር ይባላል። ታሪኩን በ1651 ባሳተመው የአካል ጥናት መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ላባው አንጎል ጋ አልደረሰም። የገባው በጉንጭ አጥንት ውስጥ ወዳለ ባዶ ክፍል ነው፤ ያ ሁሉ ርዝመት የጠፋውም እዚያ ተጠቅልሎ ነው። ክፍሉ በሽታ የቦረቦረው አይደለም፤ ሁላችንም ይዘነው የምንዞር የተፈጥሮ ክፍተት ነው። ዛሬ የጉንጭ ሳይነስ እንለዋለን። ከግንባራችን ጀርባ፣ በሁለቱ ዐይኖቻችን መካከልና ከዚያም ወደ ኋላ ጠልቆ ሌሎችም አሉ። «ሳይነሴ ተነሳብኝ» የሚል ሰው በየቤቱ ስላለ ስሙን የማያውቅ የለም።

የጉንጩ ክፍል በአዋቂ ሰው ላይ 15 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ይይዛል። ወደ አፍንጫ የሚወጣበት የራሱ በር አለው። በሩ ግን ወለሉ ላይ አይደለም፤ ከግድግዳው ላይኛ ክፍል፣ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ነው ያለው። ቤት ሲሠራ የውሃ መውረጃውን ከጣሪያው ሥር የሚያደርግ ግንበኛ ቢገኝ ማን ደመወዝ ይከፍለዋል? ሐኪሞችም ለዘመናት ያሰቡት እንዲሁ ነው፤ ተፈጥሮ ተሳስታለች፣ እኛ እናርመው።

የእንግሊዛዊቷ ጥርስ መንገዱን ያሳየ መሰለ። መግሉ በታች በኩል ሲከፈትለት ወርዶ የለ! በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ካውፐር ጥርስ እየነቀለ በጉድጓዱ በኩል ሳይነስን መሰርሰር ጀመረ። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሦስት ሰዎች በሦስት ከተማ ለየብቻቸው አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይዘው ብቅ አሉ፤ በ1893 ጆርጅ ካልድዌል በኒውዮርክ፣ በ1894 ስኬንስ ስፓይሰር በለንደን፣ በ1897 አንሪ ሉክ በፓሪስ። ከላይኛው ከንፈር ሥር፣ ከድዱ በላይ ይቀደዳል። የጉንጩ አጥንት በመሮ ይከፈታል። የታመመ የተባለው የውስጥ ሽፋን ሁሉ ተፍቆ ይወጣል። በመጨረሻም ከክፍሉ ወለል አጠገብ ወደ አፍንጫ የሚያወጣ መስኮት ይበሳል፤ መግሉ በራሱ ክብደት ቁልቁል እንዲወርድ። ታማሚው ጉንጩ አብጦ፣ ከንፈሩና ጥርሶቹ ደንዝዘው ይሰነብታል። ብዙዎች ዳኑ። ብዙዎች ደግሞ በዓመቱ በዚያው መግል፣ በዚያው የፊት ሕመም ተመልሰው መጡ፤ ሐኪሙም እንደገና ፋቀ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ መግሉ ለምን እንደማይወርድ የሚያስረዳ አልነበረም።

መልሱ የተገኘው ሞተው ባላለቁ ነገሮች ላይ ነው።

ቦታው በኦስትሪያ ደቡብ የምትገኘው የግራትስ ከተማ ነው፤ ጊዜው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሉት ዓመታት። ዋልተር ሜሰርክሊንገር የሚባል የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ከሰዓታት በፊት ከሞቱ ሰዎች አስከሬን የሳይነስ ሽፋን እየወሰደ በአጉሊ መነጽር ይመለከት ነበር። ሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ሽፋሽፍት አሉ፤ ሲሊያ ይባላሉ፤ በዐይን አይታዩም። ባለቤታቸው መሞቱን አልሰሙም። ልቡ ከቆመ፣ ትንፋሹ ከተቋረጠ ብዙ ሰዓት በኋላም እየተንቀሳቀሱ ነው። በሴኮንድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ይወዛወዛሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንዱ ለሌላው እያቀበለ፣ ነፋስ እንደሚያዘናፍለው የጤፍ ማሳ በማዕበል። በላያቸው ስስ የንፍጥ ምንጣፍ አለ። ከአየር የገባ አቧራ፣ ጥቀርሻና ጀርም እዚያ ላይ ይጣበቃል፤ ሽፋሽፍቱም ምንጣፉን ከነቆሻሻው እየገፉ ያስወጡታል።

ሲሊያ እንደሚንቀሳቀሱ ቀደም ብሎም ይታወቅ ነበር። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንደርሰን ሂልዲንግ የሚባል ሐኪም ከ1930ዎቹ ጀምሮ የንፍጥን ጉዞ በእንስሳት ላይ እየተከተለ ጽፏል፤ ያደመጡት ጥቂቶች ናቸው። ሜሰርክሊንገር በሰው ላይ ይህንኑ ጥያቄ አንስቶ አልለቀቀውም፤ ንፍጡ የሚሄደው ወዴት ነው? ምንጣፉ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ጉዞውን እያፋጠነ በሚያሳይ ፊልም ይቀርጻል፣ ይጠብቃል። ጉዞው በደቂቃ የጥቂት ሚሊ ሜትር ነውና ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዱን ሳይነስ ከሌላው፣ አንዱን አስከሬን ከሌላው እያነጻጸረ ዓመታት ፈጀ።

ያየው ይሄ ነው። ከጉንጩ ሳይነስ ወለል የተነሳው ንፍጥ ሽቅብ ይወጣል። በፊቱም በኋላውም ግድግዳ ይንፏቀቅና ከየአቅጣጫው እንደ ኮከብ ጨረር ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባል። ያ ነጥብ ጣሪያው ሥር ያለው፣ ግንበኛው ተሳሳተ የተባለበት በር ነው። በግንባሩ ሳይነስም መንገዱ የታወቀ ነው፤ በውስጠኛው ግድግዳ ወጥቶ፣ በጣሪያው ዞሮ፣ በውጪው በኩል ወርዶ ወደ መውጫው ይደርሳል። መንገዱ ከሰው ወደ ሰው አይለዋወጥም። ከክብደት ጋር ጉዳይ የለውም፤ ብንተኛም፣ ብንቆምም፣ ብንጎነበስም ያው ነው።

በታች በኩል በሰው እጅ የተበሳው መስኮትስ? ንፍጡ ወደ መስኮቱ ይደርስና በጠርዙ ዞሮ ያልፋል፤ ሽቅብ ጉዞውን ወደ ጥንቱ በር ይቀጥላል። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ በላይኛው በር የወጣው ንፍጥ በታችኛው መስኮት ተመልሶ ይገባና እንደገና ይወጣል፤ ሌት ተቀን በዚያው ክብ ይዞራል። ከስልሳ ዓመት በላይ ስንቱ ድዱ ተቀዶ፣ ስንቱ አጥንቱ ተሰርስሮ የተከፈተለት መንገድ ማንም የማይሄድበት መንገድ ነበር። ሽፋኑን ጠርጎ የፋቀው እጅም ንፍጡን የሚያስወጡትን ሽፋሽፍት አብሮ ጠርጓቸዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ያሰብኩት ተመልሰው የመጡትን ታማሚዎች ነው፤ በደንብ ስላልታጠብክ ነው፣ በደንብ ስላልተፋቀ ነው የተባሉትን ሁሉ።

ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው ይበልጣል ባይ ነኝ። ሽፋሽፍቱ የሚሠሩት በላያቸው ክፍተት ሲኖር ነው። ሁለት የሽፋን ገጽታዎች አብጠው ቢነካኩ፣ በተነካኩበት ቦታ ሽፋሽፍቱ ይቆማሉ፤ ንፍጡ ይረጋል፤ የረጋው ይበሰብሳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሰፊዎቹ ክፍሎች ውስጥ ሳይሆን ጠባቡ ቦታ ላይ ነው። የጉንጩም የግንባሩም ሳይነስ ወደ አፍንጫ የሚወጡት በዐይን ጥግ አጠገብ፣ ኤትሞይድ በሚባለው የወንፊት አጥንት የፊት ክፍል ባለች አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ነው። እዚያ ጥቂት ሚሊ ሜትር እብጠት ከኋላዋ ያሉትን ትልልቅ ክፍሎች በሙሉ ይዘጋል። በክረምት መንደሩ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ጥፋቱ ያለው ቦዩ አፍ ላይ በተሰነቀረች አንዲት ፌስታል ላይ እንደሚሆነው ማለት ነው። ጉንጩ ያመዋል፣ ግንባሩ ያመዋል፤ በሽታው ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

እንግዲህ ያቺን መተላለፊያ በሕያው ሰው ላይ ማየት ያስፈልጋል። በምን? ሐኪሙ ግንባሩ ላይ መስተዋት አስሮ ብርሃን እያንጸባረቀ በአፍንጫ ቀዳዳ ቢመለከት የሚታየው ደጃፉ ብቻ ነው። በ1901 አልፍሬድ ሂርሽማን የሚባል ጀርመናዊ የፊኛ መመልከቻ ቱቦ አሻሽሎ በጥርስ ጉድጓድ በኩል የጉንጭ ሳይነስን አይቶ ነበር፤ ብርሃኑ ደካማ፣ ምስሉ ደብዛዛ ስለነበር ብዙም አልተገፋበትም።

ችግሩን የፈታው ሐኪም አይደለም። ሃሮልድ ሆፕኪንስ እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሰው ነው። የሊቨርፑሉ የፊኛ ሐኪም ጄምስ ጋው የፊኛን ውስጥ ጥርት አድርጎ ፎቶ የሚያነሳ መሣሪያ ሲቸግረው ወደ እሱ ሄደ። የቀድሞዎቹ መመልከቻዎች በረጅም የአየር ቱቦ ውስጥ አለፍ አለፍ ብለው የተደረደሩ ስስ ሌንሶች ናቸው። ሆፕኪንስ ነገሩን ገለበጠው፤ ቱቦውን በረጃጅም የመስታወት ዘንጎች ሞላና በመካከላቸው አጫጭር የአየር ክፍተት ተወ፤ አየሩ ራሱ ሌንስ ሆነ። ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ጨመረ፣ ምስሉም ጠራ። የፈጠራ መብቱን በ1959 አስመዘገበ፤ የሚሠራለት ፋብሪካ ግን ለዓመታት አጣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ካርል ስቶርዝ የሚባል ጀርመናዊ የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ዋጋውን ተረድቶ ተቀበለው፤ በ1967 መሣሪያው ገበያ ላይ ዋለ። ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር፤ አንዳንዱ ፊት ለፊት፣ አንዳንዱ ወደ ጎን አዘንብሎ ያሳያል።

በግራትስ ሜሰርክሊንገር ይህን ዘንግ በአፍንጫ አስገባ። በፊልም በአስከሬን ላይ ያየውን አሁን በሚተነፍስ፣ በሚያስነጥስ ሰው ላይ አየው። ኢንዶስኮፕ ሲገባ የሚታየውን ያየ ሰው አይረሳውም። እርጥብና ቀላ ያለ ዋሻ ነው፤ ከጎን እንደ መጋረጃ የተንጠለጠለ ሥጋ አለ። መጋረጃው ቀስ ተብሎ ገለል ሲል ከኋላው እንደ ማጭድ የታጠፈች ስስ አጥንት ትታያለች። ከማጭዷ ጀርባ ነው ያቺ መተላለፊያ ያለችው። በጤናማ ሰው ንፍጡ ጥርት ብሎ ሲያልፍ ያብረቀርቃል። በታማሚው ደግሞ ሁለቱ ግድግዳ ተጣብቆ፣ ከመካከሉ ቢጫ ነገር ይንጠባጠባል።

ስለዚህ የግራትሱ ቀዶ ሕክምና ትንሽ ሆነ። ማጭዷን ታነሳለህ፣ የተጣበቀውን ጠባብ ቦታ ትከፍታለህ፣ የጥንቱን በር ከእብጠት ታስለቅቃለህ፤ ትልቁን ክፍል አትነካም። ከዚያ ትጠብቃለህ። በሳምንታትና በወራት ውስጥ፣ በፊት ቢሆን ተፍቆ ይጣል የነበረው ያበጠ ሽፋን በራሱ ጊዜ ይሟሽሻል፤ ሽፋሽፍቱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጉንጩ ሳይቀደድ ጉንጩ ይድናል። ሜሰርክሊንገር ግኝቱን በ1978 በእንግሊዝኛ በታተመ የአፍንጫ ኢንዶስኮፒ መጽሐፉ አሳየ፤ የቅርብ ባልደረባው ሐይንስ ሽታምበርገር ደግሞ በየአገሩ እየዞረ አስተማረው።

ቶሎ ያመነ ግን አልነበረም፤ ምክንያትም ነበረው። ያቺ ጠባብ ቦታ ከዐይን የምትለየው እንደ ወረቀት በሳሳ አጥንት ነው፤ ከላይዋ የአንጎል ወለል ነው። የሃርቫርዱ ሃሪስ ሞሸር በ1929 ይህን ቀዶ ሕክምና በአፍንጫ በኩል መሥራት ታማሚን ለመግደል ከሚቀልሉት መንገዶች አንዱ መሆኑን ጽፎ አስጠንቅቋል። ሞሸር የሚናገረው ሳያዩ መቁረጥን ነበር። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል (ከሌንሱ ሰው ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም) ዴቪድ ኬነዲ የግራትሱን ትምህርት ተቀብሎ በ1985 ሲያሳትም «ተግባርን የሚመልስ የኢንዶስኮፕ የሳይነስ ቀዶ ሕክምና» በሚል ስም አስተዋወቀው። ከጨረር ሐኪሙ ከጄምስ ዚንራይክ ጋር ሆኖም ፊትን ከፊት ለፊት እየቆራረጠ የሚያሳይ የሲቲ ስካን አነሳስ ሠሩ፤ ቀዶ ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት የዚያን ሰው ዐይንና አንጎል ድንበር በሚሊ ሜትር ያውቃል። ሰው ሁሉ አንድ አይደለም፤ የአንዱ ወለል ከፍ ያለ፣ የሌላው ዝቅ ያለ ነው።

የተዘጋውን ከፍቶ ሌላውን ሳይነኩ መተው የሚለው ትምህርት የሳይነስ ብቻ አልነበረም። የአፍንጫችን መሃል ግድግዳ፣ ሴፕተም የሚባለው፣ በብዙ ሰው ላይ ትንሽ ጠመም ያለ ነው፤ በጣም ሲጠም አንዱን ቀዳዳ ይዘጋል። በ1902 የቺካጎው ኦቶ ፍሪር፣ በ1904 የፍራይቡርጉ ጉስታቭ ኪሊያን ሽፋኑን ገልጠው የጠመመውን ለስላሳ አጥንት ቆርጠው ማውጣት አስተማሩ፤ ኪሊያን ከፊትና ከላይ ደጋፊ ጠርዝ መተው እንዳለበት አጥብቆ ተናግሯል። ያን ያልሰማ ሐኪም አፍንጫው እንደ ኮርቻ የሰመጠ ሰው አተረፈ። በኋላ እነ ሜትሰንባውምና ኮትል የሚባሉ ሐኪሞች ቆርጦ ከመጣል ይልቅ አቃንቶ መልሶ ማስቀመጥን አስፋፉ፤ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በጎን ያሉት የሥጋ መጋረጃዎች ላይ ግን ስህተቱ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። ይዘጋሉ ተብለው ከሥራቸው የተነሱላቸው ሰዎች አፍንጫቸው ወና ሆኖ ሳለ አየር አጠረን፣ ታፈንን ይሉ ነበር። በ1994 የሜዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ይህን «የባዶ አፍንጫ» ችግር ብለው ሰየሙት። ባዶ አፍንጫ ይታፈናል? አዎ። አየር እንደገባ የሚነግረን የሽፋኑ ቅዝቃዜ የሚሰማው ነርቭ ነው፤ ሽፋኑ ከሌለ መልእክቱም የለም።

ልጅ ሳለሁ ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ ባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ፣ ጋቢ ከነራሴ አልብሳ ታጥነኝ ነበር። ላቤ እየወረደ፣ ዐይኔ እያለቀሰ አፍንጫዬ ወለል ብሎ የተከፈተ ይመስለኝ ነበር። በ1983 በካርዲፍ፣ ዌልስ እነ ሮን ኤክልስ የባሕር ዛፍ፣ የካምፎርና የሜንቶል ተን ሰዎች እንዲስቡ አድርገው የአፍንጫቸውን አየር አሳላፊነት ለኩ። ልኬቱ ከነበረበት ፈቅ አላለም፤ ሰዎቹ ግን አየሩ በደንብ እየገባልን ነው አሉ። ተኑ ያንኑ የቅዝቃዜ ነርቭ ነክቶ እፎይታ ይሰጣል፤ በሩን አይከፍትም። እናቴ የሰጠችኝ እፎይታ እውነተኛ ነበር፤ ለጉንፋንም ያ ይበቃል። ለዓመታት ለተዘጋ ሳይነስ ግን አይበቃም። መታጠን እየደጋገሙ ዓመታት የሚያሳልፉ፣ ወይም በየጊዜው አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ እየገዙ የሚውጡ ሰዎችን ሳይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

አፍንጫዎ ከ12 ሳምንት በላይ ከተዘጋ፣ ወፍራም ንፍጥ ከወረደ፣ ፊትዎ ከከበደ ወይም ማሽተት ካቃተዎ ጉንፋን ነው ብለው አይተዉት፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይዩ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያዘው ቢላ አይደለም፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተዘጋጀ የጨው እጥበትና እብጠት የሚቀንስ የአፍንጫ መርጫ ነው፤ ለሳምንታት ሳያቋርጡ ይውሰዱት። ያ ካልሠራና ቀዶ ሕክምና ከተባለ ሲቲ ስካኑን አብረው ይመልከቱ፤ ምን እንደሚከፈት ብቻ ሳይሆን ምን ሳይነካ እንደሚቀርም ይጠይቁ። የተዘጋው አንድ ወገን ብቻ ከሆነና ደም ከቀላቀለ ግን 12 ሳምንት አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ይሂዱ።